ከቅጹ ጀርባ

ይድረስ፦ የአእምሮ ሕክምና ዋርድ ለምትመሩ፣ ቅጽ ለምታወጡና መሞላቱን ለምትቆጣጠሩ ሁሉ
ግልባጭ፦ ዋርድ ውስጥ ፍራሽ አንጥፋችሁ ለምታድሩ አስታማሚዎች
ከ፦ አንዲት የሐዋሳ ነርስ

እንደምን ሰነበታችሁ።

ስለ አንዲት ገጽ ወረቀት ላወራችሁ ነው። ታውቋታላችሁ። ታካሚ ሲተኛ ካርዱ ውስጥ የምትገባዋ፣ ራስን የማጥፋት ስጋት መገምገሚያ የምትባለዋ። «አዎ» እና «የለም» የሚሉ ሳጥኖች አሏት። ታች ላይ ነጥቡ ይደመራል። ከዚያ ሎው (ዝቅተኛ)፣ ሞደሬት (መካከለኛ) ወይም ሃይ (ከፍተኛ) ከሚሉት አንዱ ይከበባል፣ ይፈረማል፣ አለቀ። ጀርባዋ ባዶ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ይህቺን ወረቀት ሞልቻለሁ። ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ለሃያ ምናምን አልጋ ብቻዬን ቆሜ፣ ከታካሚው ፊት ይልቅ ሰዓቴን እያየሁ የሞላሁባቸው ቀናት አሉ፤ አንድ ሁለቴም፣ አልዋሽም፣ ታካሚው እንቅልፍ ስለወሰደው ካለፈው ሳምንት ገጽ ላይ ገልብጫለሁ። ስለዚህ ከላይ ሆኜ ልወቅሳችሁ አይደለም የመጣሁት።

የምጠይቃችሁ ያቺን ክብ እንድትተዉልን ነው። ሎው፣ ሞደሬት፣ ሃይ የምትለዋን። በእሷ ፈንታ ሰውየውን የምናናግርበት ጊዜና የሰማነውን የምንጽፍበት ቦታ ስጡን።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አምና ታናሽ ወንድሜ ታመመ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ መናኸሪያ አካባቢ ስልክ ይጠግናል። መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ አለው። ከዚያ ምግብ። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራ መሰለው። እናቴ ጸበል ወሰደችው፣ እኔ ደግሞ ሆስፒታል፣ በዚህ አልተጣላንም። ተኛ። የተኛው እኔ የምሠራበት አይደለም። የት እንደሆነም አልጽፍም፤ ሰው ለማስወቀስ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፣ ደግሞም እዚያ የሆነው ሁሉ እኔም ስሠራው የኖርኩት ነገር ነው።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስታማሚ ሆንኩ። ጋውኑን አውልቄ፣ ነጠላ ለብሼ፣ ከእናቴ ጋር ተራ እየገባሁ ወለል ላይ ማደር። ዋርዱ ከወለል ሲታይ ሌላ አገር ነው።

በሁለተኛው ቀን ራውንድ፣ የሐኪሞች ጉብኝት፣ መጣ። ሰባት ሰው አልጋውን ከበበ። አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀቷን አወጣ፣ አይኑን ከወረቀቷ ሳያነሳ ጥያቄዎቹን ወረደባቸው። ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? እናቴ ምሳ ዕቃውን እንደያዘች እግርጌው ቆማለች። ወንድሜ መጀመሪያ እሷን አየ። ከዚያ «የለም» አለ። ሐኪሙ ምልክት አደረገ። ቀጣይ ጥያቄ።

ያቺን ወደ እናቴ ያየባትን እይታ እኔ አይቻታለሁ። እንደ እህትም እንደ ነርስም ገብታኛለች። ግን ዝም አልኩ። በሰው ዋርድ ገብቼ «እንደሱ አይጠየቅም» ማለት አፈርኩ። ይሄ የኔ ድርሻ ነው፣ ለማንም አላካፍለውም።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ወጣ። ይሰሙት የነበሩት ድምፆች ቀንሰዋል፣ ይበላል፣ ሰላም ይላል። የመጨረሻው ቅጽ ሎው ይላል። ቀጠሮ በወሩ ተሰጠው። ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ራሱን ጎዳ። እንዴት እንደሆነ አልጽፍም፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ይጎዳል። ተረፈ። ዛሬ ሱቁ ተመልሶ ስልክ ይጠግናል፣ ይህን ደብዳቤም ከናንተ በፊት አንብቦታል፣ አንድ ቦታም አስተካክሎኛል፣ እሱን በኋላ።

የገረመኝ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ካርዱ ወጣ፣ ታየ። «ሎው ነው የተባለው፣ ፊርማም አለ» ተባለ። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ወረቀቷ ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነው። ወንድሜን አልጠበቀችም እንጂ እኛን ጠብቃለች።

እዚህ ላይ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ድሮ ትምህርት ቤት የተማርነውን ሳይሆን፣ እነዚህ ነጥቦች እውነት ይሠራሉ ወይ የሚለውን።

አይሠሩም። ነገሩ አዲስ እንኳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖኮርኒ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሂዩስተን ውስጥ ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ 4,800 የቀድሞ ወታደሮችን ተከታትሎ ያገኘውን አሳተመ። መለኪያ ሁሉ ተለክቷል። በክትትሉ ዓመታት 67ቱ ራሳቸውን አጠፉ። ከእነዚያ ሁሉ መለኪያዎች እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ መለየት ይቻል ነበር ወይ ብሎ ሲያሰላ አልቻለም፤ ወይ ብዙ መቶ የማይሞት ሰው «አደገኛ» ይባላል፣ ወይ የሚሞተው ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከዚያ በኋላ የተሠሩትን ጥናቶች የደመሩ ተመራማሪዎች ወደዚያው መጡ። በክትትሉ ዘመን፣ ሃይ ከተባሉት ሃያ ሰዎች አሥራ ዘጠኙ ገደማ ራሳቸውን አላጠፉም። ራሳቸውን ካጠፉት ደግሞ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ሃይ ካልተባሉት ወገን ነው። እንግዲህ ሎው ብለን የምናሰናብታቸው።

ለምን እንደዚህ ይሆናል ብትሉ ምክንያቱ ሐኪሙ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ራስን ማጥፋት፣ ዋርድ ውስጥም ቢሆን፣ ከስንት አንድ የሚሆን ነገር ነው። ሐሳቡ ግን የብዙ ሰው ነው። ደግሞ እንደ ሐዋሳ ሰማይ በሰዓት ውስጥ ይለዋወጣል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት የጠየቅከው ሰው ማታ ስልክ ተደውሎለት ሚስቱ ጥላው መሄዷን ሲሰማ ሌላ ሰው ነው። የጠዋቱ ክብ ግን ካርዱ ላይ እንዳለች ናት። ተረኛዋም እሷን አይታ ታልፋለች።

የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ራስን ስለ መጉዳት ባወጣው መመሪያ በግልጽ አስቀምጦታል፦ ወደፊት የሚሆነውን ለመተንበይ መለኪያና ነጥብ አትጠቀሙ፣ ሰውን ሎው፣ ሞደሬት፣ ሃይ ብላችሁ አትመድቡ፣ በነጥቡም ማን ይታከም ማን ይሰናበት ብላችሁ አትወስኑ። እነሱ ከኛ ብዙ እጥፍ ነርስ አላቸው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ግን ይሄኛው ምክር ነርስ አይጨምርም፣ ወረቀት ነው የሚቀንሰው።

አሁን ወደ «የለም» ልመለስ። ወንድሜ ወዳላት «የለም»።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ወይም እንደወጡ ራሳቸውን ያጠፉ የ76 ሰዎች ካርድ ተገላብጦ ታየ። የመጨረሻ ንግግራቸው ተመዝግቦ ከተገኘው ውስጥ 78 በመቶዎቹ ራሴን ላጠፋ አላሰብኩም ብለው ነበር። ከአምስት አራት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ያው ካርድ ላይ ግን ሌላ ነገር ተጽፎ ነበር፤ አብዛኞቹ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከባድ ጭንቀት ወይም መቁነጥነጥ ነበረባቸው። አፋቸው የለም ሲል ሰውነታቸው ይናገር ነበር ማለት ነው።

ይሄን ሳነብ የእናቴ ድምፅ ነው የመጣልኝ። ዋርድ ውስጥ በስድስተኛው ቀን «እግሩ አላርፍ አለው እኮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጎራደድ ነው ያደረው» ብላ ለተረኛዋ ነግራታለች። እኔም ሰምቻለሁ። በሽታው ነው ተባለ፣ መድኃኒቱም ትንሽ ከፍ ተደረገለት። ሙያው ያላችሁ አሁን ገብቷችኋል። ሃሎፔሪዶልና ሞዴኬት የሚባሉት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚሰጣቸው ሰዎች ላይ የሚመጣ፣ ከውስጥ የሚበላ፣ ቁጭ ብሎ መቀመጥ የሚያሳጣ ዕረፍት ማጣት አለ። ስሙ አካቲዚያ ነው። የያዘው ሰው «ከቆዳዬ ልወጣ ነው» ይላችኋል። በሽታው ባሰበት ተብሎ መድኃኒቱ ሲጨመር ይብሳል። ሲቀነስ ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚባል ሌላ መድኃኒት ሲጨመርበት ብዙ ጊዜ ይቀላል። ይህ ስቃይ ሰውን ወደ ሞት ሐሳብ ሊገፋ እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። ቅጿ ላይ ግን ስለ እግር የሚጠይቅ ሳጥን የለም።

ወንድሜ ያስተካከለልኝ ቦታ እዚህ ነው። እኔ «ተስፋ ቆርጦ ነበር» ብዬ ነበር የጻፍኩት። «አጥፊው፣ ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር፣ እግሬ ነው ያስመረረኝ» አለኝ። አጠፋሁት።

ሌላው ቋንቋ ነው። በዚህ አገር ስለዚህ ሳይወራ የሚሞላ ቅጽ ሁሉ ቧልት ነው። ከወንድሜ አጠገብ የተኛው ልጅ ከበንሳ በኩል የመጣ ነበር። አማርኛ ይሰማል፣ ግን ሆዱን የሚያወራበት ቋንቋ ሲዳሙ አፎ፣ ሲዳምኛ፣ ነው። አስተርጓሚው አጎቱ ናቸው። ሐኪሙ ጥያቄውን ጠየቀ። አጎትየው ወደ ልጁ እንኳ ሳይዞሩ «ኧረ የለም ዶክተር፣ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ። ምልክት ተደረገ። ቅጹ ላይ የተሞላው የአጎትየው ክብር ነው እንጂ የልጁ መልስ አይደለም። አጎትየውን አልፈርድባቸውም። እንደዚያ ያለ ጥያቄ በወንድም ልጅ ፊት ማውጣት ለእሳቸው ሟርት ነው። ጥፋቱ እሳቸውን አስተርጓሚ ያደረግነው የኛ ነው። ሌላ ጊዜ፣ ልጁ ብቻውን ሳለ፣ ሲዳሙ አፎ የምትናገር አንዲት የፅዳት ሠራተኛ አልጋው ዳር ቁጭ ብላ ስታወራው አየሁ። ምን እንዳላት አላውቅም። አለቀሰ ግን። እስከዚያ ቀን ሲያለቅስ አላየነውም።

ሰው ለምን ይዋሻል? ይፈራላ። እናቱን ይፈራል። ሥራ አጣለሁ ብሎ ይፈራል። ብሞት ፍትሐት ይከለከላል፣ ቤተሰቤ አንገቱን ይደፋል ብሎ የሚያስብም አለ፤ ሐሳቡን ማውራት ራሱ ኃጢአት ይመስለዋል። ፖሊስ ይጠሩብኛል ብሎ የሚፈራም አጋጥሞኛል። ለዚህኛው እንኳ መልስ አለን፣ ለምን እንደማንነግራቸው አይገባኝም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሞክሮ የተረፈውን ሰው አይከስም። አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነግሬው ትከሻው የወረደለት ሰው አይቻለሁ።

ደግሞ ታካሚው ብቻ አይደለም የሚፈራው። እኛም እንፈራለን። ብጠይቀው ሐሳቡን ባስገባበትስ የሚል ፍርሃት አለ፣ ነባር ነርሶችም ውስጥ አለ። ይህ በተደጋጋሚ ተጠንቶ እውነት አለመሆኑ ታይቷል። ጥያቄ ሐሳብ አይተክልም። እንዲያውም ብዙው ሰው የጠየቀው ሰው በመገኘቱ ይቀለዋል። ግን አጠያየቅ አለው። እኔ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ፦ አስታማሚውን ሻይ ጠጥተው ይምጡ ብዬ በዘዴ አስወጣለሁ። ቁጭ እላለሁ፣ ቆሜ አልጠይቅም። ስለ እንቅልፉ እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ስለ እንቅልፍ ማውራት ማንም አያፍርም። ከዚያ «እንዲህ ሲጨንቅ ብዙ ሰው መኖር ያስጠላዋል፣ አንተስ እንደዚያ የሚልህ ጊዜ አለ?» እላለሁ። ካለ «ብሞት ይሻላል እስከ ማለት ይደርሳል?» እላለሁ። ካለ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ብዬ ቃሉን ሳልሸፋፍን እጠይቃለሁ። መልሱን ስሰማ አልደነግጥም፣ ወይም እንዳልደነገጥኩ ሆኜ እቀመጣለሁ። «ምን ጎደለህ፣ እናትህን አታስብም» አልልም። ይቺ ንግግር ስንቱን አፉን እንዳዘጋችው። ከዚያ የሚይዘው ነገር ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። እስካሁን ምን አቆየህ? አንዱ ልጄ አለኝ። አንዱ ውሻዬ። አንዲት እናት «የቤት ኪራይ ያልከፈልኩት አለብኝ፣ ባለ ዕዳ ሆኜ አልሞትም» አለችኝ፣ ሁለታችንም ሳቅን።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሃያ ደቂቃ ነው። ቅጿ ሁለት ደቂቃ ትፈጃለች። ልዩነቱ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው፣ እሱን ነው የምለምናችሁ።

ስለ መሐላ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ዋርዶቻችን ውስጥ «ማል» የሚባል ሕክምና አለ። በማርያም፣ በወላሂ፣ በእናቴ ሞት ራሴን አልጎዳም በል። ሲወጣ ደግሞ ቤተሰብ «ኃላፊነት ወስጃለሁ» ብሎ ይፈርማል። ውጭ አገርም የዚህ ዘመድ አለ፣ ታካሚው ራሴን አልጎዳም ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት። ሰውን እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘለትም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ ሐሳቡ ሲመለስበት መሐላ አፍራሽ እንዳይባል ደብቆ እንዲይዘው ነው። ከመሐላ የሚሻል ነገር አለ፣ ስታንሊና ብራውን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያወጡት የደኅንነት ዕቅድ። ከታካሚው ጋር ቁጭ ተብሎ በራሱ ቃል ይጻፋል፦ ሲጀምረኝ ምን ምልክት አያለሁ፣ ያኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ፣ የት እሄዳለሁ፣ ለማን እደውላለሁ፣ የትኛው የጤና ባለሙያ ጋ፣ ቤት ውስጥ ከአጠገቤ መራቅ ያለበትስ ምንድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች ይህን ሠርተው የሄዱና ከዚያ ስልክ የተደወለላቸው ሰዎች፣ በቀጣዩ ስድስት ወር ውስጥ የራስን ሕይወት የማጥፋት ሙከራና መሰል ድርጊታቸው እንደወትሮው ከታከሙት በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። የኔ ወንድም ዕቅድ ላይ «አሞራ ገደል ሄጄ ዓሣ ሲወጣ አያለሁ» የሚል አለ። ስቄበት ነበር። ሁለት ጊዜ ሠርቶለታል።

ራስን ስለሚጎዱ፣ ግን ሞት ስለማይፈልጉ ሰዎችም አንድ ቃል። ዋርድ ውስጥ «ትኩረት ፈልጋ ነው» ይባላሉ፣ በተለይ ወጣት ሴቶች። ትኩረት ከፈለገች ትኩረት ስጧት፣ ምን ችግር አለው? ሕመሟን በሰውነቷ ላይ የምታወጣ ሰው ምን ልታስታግስ ፈልጋ እንደሆነ ልትጠየቅ ይገባል። ዛሬ ለመሞት ያልፈለገች ነገ ላትፈልግ ትችላለች፣ ልትፈልግም ትችላለች። ራሱን አንዴ የጎዳ ሰው ከሌላው ይልቅ ወደፊት ሊሞት የሚችልበት ዕድል ከፍ ያለ መሆኑ በደንብ የታወቀ ነው። በሽሙጥ የታከመች ሰው ደግሞ ሁለተኛ አትመጣም።

አሁን አስታማሚዎች ጋ ልምጣ። እናንተ ለኛ ነጻ ጥበቃ ናችሁ፣ ይህን አሳምረን እናውቃለን፣ አመስግነናችሁ ግን አናውቅም። የታካሚውን እንቅልፍ፣ ሽንት ቤት የቆየበትን ደቂቃ፣ ማታ ማታ ማን እንደደወለለት፣ ለማን ልብሱን እንደሰጠ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ርክክብ ሲደረግ ግን እናንተን የሚጠይቅ የለም። ነርስ ለነርስ ታስረክባለች፣ እናትየዋ ፍራሽ እየጠቀለለች ቆማ ታያለች። ደግሞ ሰው ናችሁ፣ ታሸልባላችሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያሸለበች እናት ላይ «አንቺ ነሽ የተኛሽው» ሲባል ሰምቻለሁ። ሃያ አራት ሰዓት ልጇን እንድትጠብቅ ያደረግናት እኛ ነን፣ ለዚህ ያልሠለጠነች፣ ያልተከፈላት፣ ተራ የሚቀይራት ሰው የሌላት። ክሱ ለእሷ አይገባም።

መውጣት። ይሄኛው ላይ ብትጨክኑብኝም ብዙ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 መቶ ጥናቶችን አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች፣ ከአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የወጡ ሰዎች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እጅግ ከፍተኛ እንደሆነ አገኙ። የእንግሊዝ የረጅም ዘመን ምርመራ ደግሞ ከባዶቹ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መሆናቸውን ያሳያል፤ ለዚህም ነው እዚያ አገር የወጣ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ይታይ የሚባለው። እኛ በወሩ ና እንላለን። ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ነው።

አውቃለሁ፣ ከአለታ ወንዶ የመጣ ሰው በሦስት ቀኑ ተመለስ ቢባል የትራንስፖርት ከየት ያመጣል። አይምጣ። እንደውልለት። ጄሮም ሞቶ የሚባል ሐኪም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከሆስፒታል ወጥተው ክትትል እምቢ ላሉ ሰዎች አጫጭር ደብዳቤ ይልክ ነበር። ተመለሱ አይልም፣ መድኃኒት ውሰዱ አይልም። እንዴት ናችሁ፣ ብትጽፉልን ደስ ይለናል፣ ይኸው ነው። 843 ሰዎች ነበሩበት፤ ግማሽ ያህሉ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ሌሎቹ አልደረሳቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ የደረሳቸው ወገኖች ውስጥ ራሱን ያጠፋው ሰው አነሰ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ውጤት ነው። እኛ ደብዳቤ አያስፈልገንም፣ ቴሌግራም አለን፣ መልእክት አለ፣ ሚስኮልም አለ። የሚያስፈልገው ለዋርዱ አንድ ስልክና የወር ካርድ ነው። አሁን የምደውለው በራሴ ስልክ ነው፣ ታካሚዎቼ ደግሞ ልጄ ልደት ላይ ይደውሉልኛል። ይሁን፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ሥርዓት አይደለም።

ጸበል የሚሄዱትንም እንደውልላቸው። ተቆጥተን ስለሰደድናቸው መድኃኒቱን ያቆሙ አሉ። «ጸበሉንም መድኃኒቱንም ውሰድ» ማለት ምን ያስከፍላል?

መድኃኒት ካልኩ፦ ለሦስት ወር የሚበቃ ኪኒን በፌስታል አድርገን በታካሚው እጅ አናስይዘው። ቤቱ ሩቅ ለሆነ ሰው ብዙ መስጠት ግድ ቢሆን እንኳ፣ ለሚያምነው ሰው ይሰጥ፣ ያ ሰው ይያዘው። ይሄ ብር አይጠይቅም፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ አንድ ጥያቄ ነው።

ይህን የምታነበው አንተ ራስህ፣ ወይም አንቺ፣ ሐሳቡ ያለብህ ከሆንክ፦ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ንገር። ለማን ቢሆን ግድ የለም፣ ብቻህን አትደር። ቅርብህ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። ገብተህ ቃሉን በለው፣ ሳትሸፋፍነው። ወንድሜ ቢያገኝህ የሚልህ ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ስለ ወረቀቷ። ነገ ማታ ተረኛ ነኝ። ግዴታ ስለሆነ እሞላታለሁ፣ ክቧንም እከባለሁ፣ ምክንያቱም ካልከበብኩ ጠዋት እጠየቃለሁ። ከዚያ እገለብጣትና ጀርባዋ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ማን ብቻውን እንዳናገረው፣ በምን ቋንቋ። እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ፣ እግሩ እንዴት እንደሆነ። ምን እንዳቆየው። አስታማሚው ምን እንዳየ። ሲወጣ ማን እንደሚደውልለት፣ በስንተኛው ቀን፣ ስልኩ ስንት እንደሆነ። ከኔ ጋር የሚሠሩ ሁለት ነርሶችም ጀምረዋል። ጠዋት ርክክብ ላይ የሚነበበው ጀርባዋ ሆኗል፣ ፊቷን የሚያይ የለም።

ወረቀቱ ስስ ነው፣ ቀለሙ ወደ ፊቷ ይዘልቃል፣ መስመር ስለሌለውም ጽሑፌ ይጣመማል። ክቧን ማንሳት ለዚህ በጀት ዓመት ካልተቻላችሁ፣ በሚቀጥለው ስታሳትሙ ቢያንስ ጀርባዋን መስመር አስምሩልን። ወፈር ያለ ወረቀትም ይሁን።